ደካማ የሚባለው አያያዝ

አባቴ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆሞ ስለተናገራት አንዲት ቃል እኔና እህቴ ያለምወርቅ ሁለት የማይገናኙ ታሪኮች አሉን። እኔ ስተርከው፣ አባቴ የተናገረው ስለ ጎልፍ ኳስ ነው። ከሁለት ዓይነት የዱላ አያያዝ አንዱን መረጠ፣ ምርጫውንም ሁላችንም እየሰማን አስታወቀ፣ አለቀ። ያለምወርቅ ስትተርከው ግን አባታችን በዚያ ቀን ኳስ በሐሳቡም አልነበረች፤ ኳሷም፣ ዱላውም፣ እኔም ባንኖር ያንኑ ቃል ይናገር ነበር። እሱን ስንጠይቀው እየሳቀ፣ ሁለታችሁም አጠገቤ ነበራችሁ፣ በጆሯችሁ የሰማችሁትን እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ ይለናል። የምንስማማበት ነገር ቢኖር ኳሷ እስከ ዛሬ ዘንገና ውስጥ መሆኗ ብቻ ነው።

ያኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ቤታችን እንጅባራ ዳር፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነው። አባቴ አሳምነው ከቤቱ ፊት ለፊት በሠራት ዳስ ውስጥ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል። ክረምት ክረምት ጉሙ እስከ ዳሱ ድረስ ይገባል። ቀርከሃው በመጥረቢያ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ብቻውን ይመጣል፣ ትኩስ ፍልጡም እንደ ታጨደ እርጥብ ሣር ይሸታል። ያ ሽታ እስካሁን ካለሁበት ያነሳኛል።

የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ቢሻው ከአዲስ አበባ የተመለሰው በዚያ ክረምት ነው። እዚያ ለብዙ ዓመት የጎልፍ ተጫዋቾችን ዱላ ሲሸከም ኖሯል፤ ካዲ ይባላል ሥራው። ሲመጣ ይዞ የመጣው ዘንጉ የተጣመመ አንድ የጎልፍ ብረትና ሦስት ነጫጭ ኳሶች ነበር። ባጃጅ ተከራይቶ መሥራት ጀመረ። የባጃጅ ተራው ወጣቶች ብረቱን ባዩ ቁጥር ያላግጡበታል። የገና ጨዋታ ለመማር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ምን አመጣው፣ እዚሁ ታኅሣሥን ብትጠብቅ አይበቃህም ነበር ይሉታል። እሱም ይመልስላቸዋል፤ በገና ጨዋታ ኳሷን የሚነጥቅህ ባላጋራ አለ፣ በጎልፍ ግን ባላጋራህ የገዛ እጅህ ነው።

አባቴ ለቀልዱም ለጎልፉም ጊዜ አልነበረውም። ነገር ግን የተሰበረ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። የተጣመመውን ዘንግ አውልቆ በደረቅ ቀርከሃ ተካው፣ በእኔ ቁመት ልክ ቆረጠው፣ መያዣውንም ድሮ በነበረው ፈረስ ልጓም ጠፍር ጠቀለለው። በዓለም ላይ የቀርከሃ ዘንግና የልጓም ጠፍር ያለው የጎልፍ ዱላ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የእኔ ሆነ። ኳሶቹንም ቢሻው ለእኔ ሰጠኝ።

ትምህርቱ የተጀመረው ከቤታችን ጀርባ ባለው ግጦሽ ላይ ነው። ቢሻው ኳሷን ከማስመታቱ በፊት ዱላውን አስይዞኝ የግራ እጄን ጀርባ እንዳይ አዘዘኝ። ስንት የጣት አንጓ ይታይሃል አለኝ። ሦስት አልኩት። ይሄ ብርቱ አያያዝ ይባላል አለ። ከዚያ እጄን ትንሽ ወደ ግራ መለሰውና አንድ አንጓ ብቻ እንዲታየኝ አደረገ። ይሄኛው ደካማ ይባላል።

«ስሙ እንዳያሳስትህ፣ መሳፍንት» አለኝ። «ደካማ ስለተባለ ደካማ አይደለም። ስም ያወጣው ሰው ነው የተሳሳተው። ብርቱው ኳሷን ወደ ግራ ይጠመዝዛታል፣ ደካማው ይለቃታል። ማንኛው እንደሚሻልህ እጅህ ራሱ ይነግርሃል።»

አላመንኩትም። በጓደኞቹ ፊት ደካማውን የሚመርጥ ልጅ የት አለ? ብርቱ ሲለኝ፣ ጣቶቼ ደም እስኪያጡ ዱላውን ማነቅ ማለት መሰለኝ። ደካማ ማለት ደግሞ ላላ አድርጎ መያዝ። ነገሩ የእጅ መዞር እንጂ የመጨበጥ ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ ባሕር ዳር ኮሌጅ ስማር፣ በሰው ስልክ ላይ አንድ አስተማሪ ሲያሳይ አይቼ ነው። ቢሻው የነገረኝን አንድ በአንድ ደገመው። በልጅነቴ ግን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበሩት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ ማጥበቅና ማላላት። አባቴና ቢሻው የሚናገሩትን ሁሉ የሰማሁት በእነዚህ ሁለት ቃላት በኩል ነው።

አሁን ስለ ያለምወርቅ ልናገር። በዚያው ክረምት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። «ጅማ ደረሳት» ሲሉ የሰማሁት ሎተሪ ደረሰው እንደሚባለው ነው፤ ጅማ የሚባል ነገር በመኪና ተጭኖ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር ረሳሁት። በቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ወሬ አልነበረም። እናቴ በቀለች ልጇ እንድትሄድ ትፈልጋለች፣ ቢሻውም እንደዚያው። አባቴ ደግሞ ዳንግላ፣ በአክስታችን ሱቅ ሆና የሆነ ሙያ ብትማር ይሻላል ይላል። ጅማ የት ነው? ማን አለን? ብትታመም ማን ይደርስላታል? እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎቹ የክፉ ሰው ጥያቄዎች አልነበሩም።

አንድ ቀን ከዳሱ ጥግ፣ ከተደረደረው ቀርከሃ ጀርባ ተቀምጬ በጠርሙስ ስባሪ ዱላዬን አለሰልሳለሁ። አባቴ ይሰነጥቃል። ቢሻው ባጃጇን አቁሞ ገባና ጉማጅ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ፣ የእርስዎ አያያዝ በጣም ጠበቅ ይላል ጋሼ አለው።

ጆሮዬ ቆመ። በመጨረሻ አባቴም ስለ ጎልፍ ማውራት ጀመረ።

«ላላ ላድርግ?» አለ አባቴ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ሲባል አልሰማህም?»

«ጠበቅ ሲያደርጓት እኮ ነው ወደማይፈልጉት የምትጠመዘዘው።»

ቢሻው ግጦሹ ላይ የነገረኝ ይኸው ነው። ከቀርከሃው ጀርባ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ።

«አንተ ምን ቸገረህ» አለ አባቴ። «ያንተ አይደለችማ።»

ደስ አለኝ። ኳሷ የእኔ መሆኗን አባቴ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ መጥረቢያውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ጊዜ ላላ አድርገን ይዘን አይተነዋል፣ ቢሻው። ወዴት እንደገባች እንኳ ሳናውቅ ቀረን።»

ደነገጥሁ። ባለፈው ቀን አንዷን ኳስ ሳማ ውስጥ ጥያት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ማን ነገረው? ደግሞም ተሳስቷል። ያቺ ኳስ የጠፋችው ላላ አድርጌ ሳይሆን ባለ በሌለ ኃይሌ አንቄ ይዤ ስመታት ነው። ይህን ልነግረው ስል እናቴ መጣች፣ ሦስቱም ወደ አገውኛ ዞሩ። የእኔ አገውኛ ያኔ የገበያና የከብት አገውኛ ነው፤ በፍጥነት ሲናገሩ ያመልጠኛል። «ልጅ» የሚለውን ቃል ብቻ ደጋግሜ ሰማሁና ስለ እኔ እየተነጋገሩ ነው አልኩ።

ጠፋች የተባለችው ግን ኳስ አልነበረችም። የአባቴ ታናሽ እህት ሀይማኖት ናት። እኔ ሳልወለድ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከዳንግላ በጭነት መኪና ወደ ሰሊጥ አገር፣ ወደ ቆላው እርሻ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። አባቴ ስሟን አይጠራም፤ ሌሎች ሲጠሩት ደግሞ፣ ላላ አድርገን ይዘናት ነው ይል ነበር። እናቴ የነገረችኝ ታሪክ ሌላ ነው፣ እሱንም የነገረችኝ አድጌ ነው። ሀይማኖት ዳንግላ ሄጄ ልማር ብላ ለመነች፤ ታላቅ ወንድሟ የሆነው አባቴ ከለከላት፣ ከግቢ እንዳትወጣ አደረጋት፣ ባል አጨላት። በገበያው ቀን ወጥታ አልተመለሰችም። አባቴ ይህን ያውቃል። የሚናገረው ግን ያኛውን ነበር።

እኔ ደግሞ የጨነቀኝ አያያዙ ነው። ሁለት የምወዳቸው ሰዎች በእኔ ዱላ ምክንያት ሊጣሉ ነው፤ ማስረጃ ካመጣሁላቸው ግን ይታረቃሉ። ስለዚህ ያለምወርቅን ኳስ እንድትመልስልኝ ለምኜ ግጦሹ ላይ ወጣሁ። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ እርጥቡ ሣር ላይ ስትሮጥ ትዝ ትለኛለች። በጥብቁ መታሁ፣ በላላው መታሁ። ትንሽ ቆይታ ዱላውን ተቀበለችኝና ራሷ ሞከረች። ከእኔ ይልቅ አራቀቻት፣ ተናደድኩ።

«የትኛው ነው ታዲያ የሚሻለው?» አለችኝ።

«ላላው» አልኳት። «ግን አባባ አያምንም።»

ዱላውን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ለአባባ ይህን ትነግረዋለህ?» አለች። እነግረዋለሁ አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ለምን እንደሳመችኝ አልገባኝም፤ በዚያ ላይ በአፍንጫዋ ላብ ረጠብሁ። ዛሬ እሷ ስትናገር፣ ልጁ ሁሉንም ነገር አውቆ በቅኔ ሊሟገትልኝ የተነሳ መስሎኝ ነበር ትላለች።

እንግዲህ የሚከተለውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ አገር ሰው ንግግርን እንደወረደ አይቀበልም። ከሰሙ በታች ወርቅ ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ከርሞ የተመለሰ ሰው ነው፤ ዝናብ መጣ ቢሉት እንኳ ማን ሊያለቅስ ነው ብሎ የሚያስብ።

እራት ላይ ነው የተናገርኩት። ቢሻውም አብሮን ነበር። ጎሮሮዬን ጠረግሁ።

«አባባ፣ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ» አልኩ። «አጥብቄ ስይዛት ተጠማዝዛ እሾህ ውስጥ ትገባለች። ላላ ሳደርግላት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ስንፈልጋትም እናገኛታለን።»

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። በደንብ እየሰሙኝ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

«ያቺ የጠፋችውም እኮ የጠፋችው ላላ ተደርጋ አይደለም። ከመጠን በላይ ተጠብቃ ነው።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ያለምወርቅ ትሪው ላይ አቀረቀረች። አባቴ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ይህን ማነው ያስተማረህ?» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ሊያመሰግነው ነው ብዬ በኩራት፣ ጋሼ ቢሻው ነው አልኩ።

አባቴ እጁን ታጥቦ ወደ ዳሱ ወጣ። ቢሻው ተከትሎት ወጣና በዚያችው በቆመች ባጃጅ አጠገብ ሲነጋገሩ በመስኮት አየኋቸው። ቢሻው በታቦት እየማለ እጆቹን ዘርግቷል። በነጋታው እራት አልመጣም፣ ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። አባቴ የተረዳው እንዲህ ነበር፤ ቢሻው የቤተሰቡን ቁስል ለአንድ ሕፃን ነግሮ፣ በምሳሌ አስጠንቶ፣ በገዛ ማዕዱ ላይ ልጁን ጠበቃ አድርጎ አቆመበት። እኔ የተረዳሁት ደግሞ፣ ጎልፍ ከባድ ጨዋታ ነው።

ቤቱ ዝም ያለበት ያ ጊዜ ግን ለእኔ መጥፎ አልነበረም። አባቴ አይቆጣም፤ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ያየኛል። አንዳንዴ መጥረቢያውን አንስቶ ሳያወርደው ይቆማል። ያለምወርቅ ሻይ ስታመጣለት ብርጭቆውን ይቀበልና ቀና ብሎ ያያታል፣ ከዚያ ጉሙን ያያል።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ አባቴ ያንን የሞከርከውን ነገር አምጣና አሳየኝ አለኝ። አጎትህንም ጥራው አለ። ቢሻው ባጃጇን አጥቦ መጣ። ሁላችንም ተጠጋግተን ገባን፤ እናቴ ድንች ቀቅላ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች፣ እኔ በአባቴ ጉልበት ላይ ተቀምጬ ዱላው በመስኮት ወጥቷል። የድንቹ ሙቀት በጨርቁ በኩል ክንዴን ይነካኛል። ከእኔ የበለጠ የታደለ ልጅ ያለ አልመሰለኝም።

ከዘንገና በላይ፣ ደኑ ሳሳ የሚልበት ግጦሽ አለ። ከዚያ ቁልቁል ሲያዩት ሐይቁ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው፣ ውኃውም ጥቁር አረንጓዴ። ሁለት ኳሶች ነበሩን። አባቴ እጆቹን ከኋላ አጣምሮ ቆመና፣ እስቲ አለኝ።

የመጀመሪያዋን እስከቻልኩት አንቄ፣ ሦስት አንጓ እየታየኝ መታኋት። ወደ ግራ ታጥፋ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ይኸው አልኩ ዞሬ። አጥብቄ ስይዛት!

አባቴ ቀረብ ብሎ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ።

«አጥብቄ ስይዛት የምትለው ማንን ነው?»

«ኳሷን ነዋ።»

«ሌላ የለችበትም?»

አሰብኩ። ምናልባት የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ቢሻውን አየሁት፤ ቢሻው ሰማዩን ያያል።

«ዱላዋም አለች» አልኩ።

«የጠፋችውስ ማን ናት?»

«ሳማው ውስጥ የጣልኳት። አባባ፣ ማን ነገረህ ግን?»

አባቴ ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። እናቴም ጀመረች፣ ያለምወርቅም። ዛሬ ሳስበው የአባቴ ሳቅ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ማንም ሰው አስጠንቶት ሳይሆን፣ ነገሩ እንዲያው እውነት ስለሆነ ብቻ ከአንድ ሕፃን አፍ ወጥቶ ነበር፤ የሚቆጣበት ሰው አጣ።

«ይሄ ልጅ ወርቁን አያውቅም» አለ ለቢሻው። «ሰሙን ብቻ ነው የያዘው።»

«በታቦት ስምልልዎት ሰንብቻለሁ» አለ ቢሻው።

አባቴ ከጨርቁ ውስጥ ትልቁን ድንች መረጠ፣ ልጦ፣ ጨው ነስንሶ ለቢሻው ሰጠው። ቢሻው ተቀብሎ በላ። እርቁ ያ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛዋን ኳስ በደካማው አያያዝ መታሁ። ብዙ አልራቀችም፣ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ያለምወርቅ ሮጣ አምጥታ በእርጥብ ቀሚሷ ጠርጋ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት። አባቴ ዱላውን ከእጄ ወሰደ። ለቁመቱ አጭር ስለነበር በጣም አጎነበሰ። በወጣትነቱ ገና ሲጫወት የታወቀ መቺ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። መጀመሪያ እንደ መጥረቢያ ጨበጠው፤ የክንዱ ጅማት ሲገተር አየሁ። ቁጥቋጦውን አየ። እጁን አየ። ከዚያ የግራ እጁን ቀስ አድርጎ መለሰው፣ ፊቱንም ወደ ሐይቁ አዞረ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ሌላ ኳስ የለንም።

«አባባ፣ የመጨረሻዋ ናት» አልኩ። «ወደዚያ ከሄደች ትጠፋለች።»

የሚስቅ አልነበረም። አባቴ እንዳጎነበሰ ነው፣ ግን ኳሷን አያይም። የሚያየው ያለምወርቅን ነው።

«ሰማሽ?» አላት። «ትጠፋለች ይላል።»

ያለምወርቅ እጆቿን በቀሚሷ አደረቀች። ከእናቴ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። እኔ ሥራ ይዤ ደመወዝ ከተቀበልኩ ወዲህ፣ እሷም ዳንግላ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ ከቆመች ወዲህ እንኳ፣ ያንን ድምፅ ሌላ ቦታ አልሰማሁትም፤ የሚንቀጠቀጥ ግን የማይሰበር።

«አትጠፋም አባባ» አለች። «መንገዱን ታውቀዋለች።»

ኳስ እንዴት መንገድ ታውቃለች ብዬ ገረመኝ። ትልልቅ ሰዎች ሲያጽናኑ የማይሆን ነገር ይናገራሉ አልኩ በልቤ።

«ድምጿንስ እንሰማለን?»

«ትሰማላችሁ።»

በዚህ እኔም ተስማማሁ። በደካማው አያያዝ በትክክል የተመታች ኳስ ጥርት ያለ ድምፅ አላት፤ ቢሻው ነግሮኛል። እንሰማታለን አልኩት እኔም፣ እንዳይፈራ ብዬ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

አባቴ ቀና አለ። ከሐይቁ የመጣ ነፋስ የጋቢውን ጫፍ አንስቶ መለሰው። ዱላውን አንድ ጊዜ በእጁ ውስጥ አዞረው፣ ጠፍሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ እንደገና አጎንብሶ ያዘው። ከጎኑ ሆኜ የግራ እጁን አንጓዎች እቆጥር ነበር። አንድ አንጓ ብቻ ይታያል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለእኔም ለያለምወርቅም፣ ከኋላው ለቆሙትም ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣

«ትሂድ» አለ።